የቃለ አብ ችሎት

ወንድሜ ቃለ አብ ለፍርድ ሊቀርብ መሆኑን የሰማሁት ከበሩ ጀርባ ቆሜ ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እሱ አምስት። የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በለጠች ጃንጥላዋን ደጃፉ ላይ አስደግፋ ከእናቴ ጋር ታወራለች።

«አምስት ቀን ነው» አለች። «ከየሙያው ሰው ተጠርቷል፤ ከጤና ጣቢያ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያንም ሳይቀር። ሴትዮዋ ከጎንደር ነው የመጣችው። አንድ ኬዝ ያስፈልጋቸዋል። እኔ ቃለ አብን ጠቆምኩ።»

«ምን ያደርጉታል?» አለች እናቴ።

«ያዩታል። አንቺንም ይጠይቁሻል፣ እታለም ውቢት። መጨረሻ ላይ ሁሉም ተመካክረው በጋራ ይወስናሉ።»

ኬዝ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጎረቤታችን አያ ውዱ በድንበር ኬዝ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሶ፣ በመጨረሻው ቀን የባቄላ ማሳውን ተነጥቆ ነው የተመለሰው። ሚስቱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አይቻለሁ። እንግዲህ ኬዝ ማለት ሲያልቅ ከሰው አንድ ነገር የሚወሰድበት ነው። «ጠቆምኩ» የሚለውም ቃል አስደነገጠኝ። የሚጠቆመው ሌባ ነው። ከአልጋና ከእናቱ ጀርባ ወርዶ የማያውቅ ልጅ ምን እንደሰረቀ ላስብ ሞክሬ አቃተኝ።

በማግስቱ እናቴ የቃለ አብን ልብስ አጥባ አሰጣች። አያ ውዱም ፍርድ ቤት ሲሄድ ጋቢው ይታጠብለት ነበር።

ቤታችን ደባርቅ ዳር፣ ወደ ቡይት ራስ በሚወጣው መንገድ ላይ ነው። አባቴ ያርጋል ሁለት በቅሎዎች ነበሩት፤ ፓርኩን ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች ድንኳንና ስንቅ ይጭናል። ጭነት አድርሶ ሲመለስ መጀመሪያ እጁን ይታጠባል፤ ቀጥሎ «ጌታዬ የታለ?» ይላል። ጌታዬ የሚለው ቃለ አብን ነው። ቃለ አብ አይቀመጥም፣ አይናገርም፣ አንገቱ አልጸናለትም፤ እግሮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። የአባቴን ድምፅ ሲሰማ ግን መላ ሰውነቱ ይስቃል።

ማታ ማታ የሚያበላው አባቴ ነበር። ጭኑ ላይ ያጋድመዋል፣ ጭንቅላቱን በግራ ክንዱ ላይ ወደ ኋላ ያደርግና አጥሚቱን በማንኪያ እስከ ጉሮሮው ድረስ ያደርስለታል። ቃለ አብ ያስለዋል፤ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። አባቴ ጀርባውን መታ መታ እያደረገ «አይዞህ የኔ ጌታ፣ አለፈ» ይለዋል። ከዚያ ሌላ ማንኪያ። በቤታችን ከዚህ የበለጠ ፍቅር ያየሁበት ሰዓት የለም። ይኼን ዛሬም የምለው ነው።

ከእኔ በላይ ዘመነ የሚባል ወንድም ነበረን። እሱም እንደ ቃለ አብ አይቀመጥም፣ አይናገርም ነበር። በስድስት ዓመቱ፣ ቃለ አብ በተወለደ ሰሞን ሞተ። በቤታችን የደባርቅ ብርድ ወሰደው ነበር የሚባለው። እኔ ያኔ አራት ዓመቴ ነው፤ ትዝ የሚለኝ የሳሉ ድምፅ ብቻ ነው።

ችሎቱ የተሰየመው በገበሬ ማሠልጠኛው አዳራሽ ነው። ሰኞ ጠዋት እናቴ ቃለ አብን አዝላ፣ እኔ ብርድ ልብሱን ይዤ ገባን። ሰባት ሰዎች በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው የራሴን የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ፣ መምህር ቢራራን ሳይ ወደ እናቴ ቀሚስ ተጠጋሁ። ከአጠገቡ የደብራችን ቄስ ሀብተ ሚካኤል መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሁሉም ፊት ወረቀትና ብዕር አለ። መሀል ላይ ስስ ፍራሽ ተነጥፏል። የጎንደሯ ሴትዮ እየሩስ ትባላለች፤ አጭር፣ ፈጣን፣ መነጽሯን በጨሌ ክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ነበረች።

ቃለ አብን ፍራሹ ላይ አስተኙት። አንድ ነርስ በሜትር የጭንቅላቱን ዙሪያ ለካ፤ ከዚያ ከአናቱ እስከ ተረከዙ። ሰው ተጋድሞ ሲለካ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የአያ ውዱ አባት የሞቱ ቀን፣ አናጢው ለሣጥን ሲለካቸው። የያዝኩትን ብርድ ልብስ በጥርሴ ነከስኩ። እንደዚያ ያለ ሜትር ዛሬ ከቦርሳዬ አይለይም፤ በወር ሠላሳ ልጅ እለካበታለሁ።

«ሲወለድ አለቀሰ?» ብላ ጠየቀች እየሩስ።

«አላለቀሰም» አለች እናቴ።

ሰባቱም ጻፉ። የመጀመሪያው ጥፋቱ አለማልቀሱ መሆኑ ገባኝ።

«ምጥሽ ስንት ቀን ቆየ?»

«ሁለት ቀን ተኩል።»

ጻፉ። መቼ ሳቀ፣ መቼ እጁን ዘረጋ፣ ማታ ይተኛል ወይ፣ ማን ያዝለዋል። እናቴ አንገቷን ደፍታ እያንዳንዱን መለሰች። መልሷን እንዲህ ቀስ ብላ፣ እያሰበች ስትሰጥ አይቻት አላውቅም ነበር። የፈራች መሰለኝ። አሁን ሳስበው፣ ስለ ልጇ ይኼን ያህል ጠይቀው መልሱን የጻፉላት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ነበሩ።

ከዚያ እየሩስ ፍራሹ ላይ ተንበረከከች። በአንድ እጇ የውኃ ኩባያ፣ በሌላው ከጨርቅ የተሠራ ኳስ አንሥታ «ቃለ አብ፣ የትኛውን ትፈልጋለህ?» አለችው። ዝም ብላ ጠበቀች። አዳራሹም ጠበቀ። የወንድሜ ጭንቅላት ተንቀጠቀጠ፤ ዓይኖቹ ዞረው ዞረው ኩባያው ላይ ቆሙ። ሴትዮዋ እጆቿን አቀያየረች። ዓይኖቹ ኩባያውን ተከትለው ሄዱ። ደግማ አቀያየረች። አሁንም ኩባያው።

«ይገባዋል» አለ መምህር ቢራራ። «አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ልጅ ደጃፍ አልፋለሁ።»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ግን በፍርሃት ደረቅኩ። ወንድሜ ቃሉን ሰጥቷል። ከእንግዲህ አላወቅኩም፣ አልገባኝም ብሎ ማምለጥ አይችልም።

ቄስ ሀብተ ሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ የሚያሰጋኝ አንድ ነገር ነው» አሉ። «ይኼ ልጅ ሲቆርብ ያስለዋል። እናቱ አጋድማ ነው የምታቀርበው። ቅዱስ ቁርባኑ ከአፉ እንዳይወጣ እጄ ይንቀጠቀጣል። እንዴት አድርጌ ላቀብለው?»

«ጥሩ ጠየቁ፣ አባ» አለች እየሩስ። ቃለ አብን አንሥታ እናቴ ጭን ላይ ቀና አድርጋ አስቀመጠችው። ጀርባውን በእናቴ ደረት አስደገፈችው፣ አገጩን በጣቷ ትንሽ ወደ ታች አደረገችው፣ በትንሽ ማንኪያ ውኃ ሰጥታ እስኪውጥ ጠበቀች። ዋጠ። አላሳለውም። ሁለተኛ ሰጠችው። አሁንም ዋጠ።

እናቴ የልጇን ጉሮሮ ትክ ብላ አየች። «ተጋድሞ ሲበላስ?» አለች። «ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ሲሄድ?»

እየሩስ ለሠልጣኞቹ እየተናገረች ስለነበር እናቴን አላየቻትም። «ይኼን ሁላችሁም ጻፉ» አለች። «ተጋድሞ ሲበላ ምግቡ በአየር ቧንቧው ወደ ሳንባው ይገባል። ያስለዋል፤ ሰው የቸኮለ ወይም ትን ያለው ይመስለዋል። ቀን በቀን ሳንባው ይጎዳል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ብርድ መታው ይባላል። እንዲህ ካሉት ልጆች ብዙዎቹ የሚሞቱት በዚህ ነው። ይኼም ልጅ በዚሁ ከቀጠለ ይሞታል።»

ሰባት ብዕሮች አብረው ሲጽፉ ሰማሁ። ይሞታል። በአንድ ድምፅ ወስነዋል፤ የጻፈውም የራሴ አስተማሪ ነው።

እናቴ ተነሣች። ቃለ አብን አጠገቧ በተቀመጠችው በበለጠች እጅ ላይ አስቀመጠችው። ነጠላዋ ወንበሩ ላይ ቀረ። በሩን ከፍታ ወጣች፤ ዘወርም አላለች። ከተወለደ ጀምሮ ለባዕድ ሰጥታው ሄዳ አታውቅም። ፍርዱን ተቀብላ ጥላው ሄደች ብዬ አመንኩ።

እየሮጥኩ ወደ አባቴ ሄድኩ። በዋናው መንገድ ዳር በቅሎዎቹን እየጫነ ነበር። «አባዬ፣ ቃለ አብን ሞት ፈረዱበት» አልኩት። «እማዬን ሰድበዋት ጥላው ወጣች።» ማንም እንዳልሰደባት አውቅ ነበር። ግን ሰው እንዲህ ከስብሰባ ተነሥቶ የሚወጣው ሲሰደብ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ መጫኛውን ለቀቀው። አንደኛዋ በቅሎ በግማሽ ተጭና ቆማ ቀረች። ዱላውን እንደያዘ ሄደ፤ እኔ ከኋላው። እየሩስ አዳራሹ ደጃፍ ላይ አገኘችው። ወደ አጥሩ ጥግ ይዛው ሄደች። እኔ ከውኃ ቧንቧው አጠገብ ቆምኩ፤ የሚሉት አይሰማም። መጀመሪያ አባቴ ተናገረ፣ ቀጥሎ እሷ። ከዚያ እንደገና እሱ። በመጨረሻ አባቴ ዱላውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ስትጠርግ አየሁ። አባቴ አስለቀሳት፤ ረታት።

ቃለ አብን ደረቱ ላይ ቀና አድርጎ አቅፎት፣ በጋቢው ሸፍኖት ይዞት ወጣ። ቤት ስንደርስ «ነገ አትሄዱም» አለ፤ ያችኑ ብቻ።

እናቴ የመጣችው ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ነው። የቀሚሷ ጉልበት ላይ ጭቃ ነበር። የወደቀች መሰለኝ። አባቴ እንደ ልማዱ እጁን ታጥቦ ማንኪያውን ሲያነሣ እናቴ እጇን ዘረጋች። «ተወው» አለች። «እኔ አበላዋለሁ።» አባቴ ሰጣት።

ከዚያ ቀን በኋላ ማንኪያውን ለአባቴ አልሰጠችውም። ቃለ አብን ማዕዘን ላይ፣ በሁለት የገብስ ጆንያ መሀል ታስቀምጠውና ደረቱን በመቀነት ታስረዋለች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ልጁ ጮኸ። እሷ አገጩን በጣቷ ይዛ፣ አንድ ማንኪያ ሰጥታ ትጠብቃለች፤ አንድ ማንኪያ ሰጥታ ትጠብቃለች። አባቴ ምሰሶው ሥር ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል። እናቴን ጠላኋት። ፍርዱን እሷ ራሷ ልትፈጽመው የጀመረች መሰለኝ። የቃለ አብ ሳል በሁለት ሳምንት ውስጥ መጥፋቱን እንኳን ልብ አላልኩም።

በለጠች ሦስት ጊዜ መጣች። እናቴ ከደጅ ሳታስገባት መለሰቻት። ለቃለ አብ መደገፊያ ያለው ወንበር በልኩ ተሠርቶለት ነበር፤ እግሩን የሚያፍታታ ሰው በየሳምንቱ ሊመጣለት፣ መምህር ቢራራም በሥዕል ሊያስተምረው ተመድቦ ነበር። «አንፈልግም» አለች እናቴ። አባቴም ከውስጥ «አንፈልግም» አለ። በዚያ ሰሞን የተስማሙበት ነገር እሱ ብቻ ነበር። እኔ በትምህርት ቤት አባቴ ሰባት ዳኛ እንደረታ አወራሁ። መምህር ቢራራ ሲሰማኝ «ተቀመጪ» ብቻ አለኝ።

ጎንደር ፊዚዮቴራፒ ስማር፣ በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን መምህራችን ያንኑ ዓረፍተ ነገር ከሞላ ጎደል በዚያው ቃል ተናገረ። ተጋድሞ ሲበላ ወደ ሳንባው ይገባል። ብርድ ይባላል። እጄ መጻፉን አቆመ። ዘመነ ትዝ አለኝ፤ ሳሉ። ክፍሉን ለቅቄ ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ያን ቀን የሰማችው ስለ ቃለ አብ አልነበረም። ስለ ሞተው ልጇ ነበር።

አልጠየቅኳትም። እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? ቃለ አብ ከፊቴ ነበር፤ የተጣመመ ወገቡ፣ ሊፈታ የማይችል ጉልበቱ። በአምስት ዓመቱ ቢጀመር ኖሮ ምን ያህሉ ይተርፍ እንደነበር በትምህርቴ አውቄዋለሁ። ያን ቀን የሮጥኩትም እኔ ነኝ። ለእሱ የሥዕል ሰሌዳ ሠራሁለት። ወደ ላይ ሲያይ አዎን፣ ዓይኑን ሲጨፍን አይደለም። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ አመመኝ፣ ወደ ውጭ አውጡኝ።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ፣ ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ፣ ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር ሥልጠና ልሰጥ ደባርቅ መጣሁ። ከደባርቅና ከዳባት ሃያ ሦስት ሰው ተጠርቷል፤ ነርሶች፣ አስተማሪዎች፣ ማኅበራዊ ሠራተኞች፣ ሁለት ካህናት። ለማሳያ ቃለ አብን ይዛልኝ እንድትመጣ እናቴን ለመንኳት። ቅዳሜ ከሰዓት ሽንኩርት እየላጥን ነበር።

«አመጣዋለሁ» አለች። «አባትሽን ግን እንዳትጠሪ።»

«ለምን?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «ዘመነን ያበላው የነበረው እሱ ነው» አለችኝ። «እኔ ቃለ አብን ወልጄ አራስ ነበርኩ። ጠዋትም ማታም እሱ ነበር የሚያበላው። አርባ ቀን ሳይሞላኝ ልጁ ሞተ።»

የጎንደሯን ሴትዮ ቃል ስትሰማ ሄዳ የዘመነ መቃብር ላይ ተንበርክካ መዋሏን ነገረችኝ። ጭቃው የዚያ ነበር።

«ሲመሽ ቤት ገብቼ አባትሽ እጁን ሲታጠብ አየሁት» አለች። «ልጄን በእጄ ገደልኩ ብሎ የሚኖር ሰው ይኖራል? አንቺ ሰደቧት ብለሽ ነግረሽው ነበር። ጠቀመኝ። ተሰድቤ ነው የቀረሁት፤ በቃ። ወደዚያ ከተመለስን አንድ ቀን ይሰማዋል።»

እንደ ባለሙያ ነገርኳት። አንድ ማንኪያ እንደማይገድል፣ ዘመነ ቀድሞም ሳንባው ተጎድቶ ሊሆን እንደሚችል፣ ማንም እርግጠኛ ሆኖ መናገር እንደማይችል።

«ይኼን ለራሴ ብዬዋለሁ» አለች። «ለእሱ ግን ማን ይለዋል?»

ሰኞ ጠዋት አዳራሹ በር ላይ ባጃጅ ቆመ። የወረደው አባቴ ነው። የእናቴ ጉልበት አልንቀሳቀስ ብሎ አድሯል። ቃለ አብን ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠና ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አደረገ። ስለ አመጋገብ የሚሰጠውን ትምህርት ወደ ከሰዓት አዞርኩት፤ በምሳ ሰዓት ይሄዳል ብዬ። አልሄደም።

ከምሳ በኋላ ደርቤ የሚባል ከዳባት የመጣ ወጣት ነርስ እጁን አወጣ። «በእኛ አካባቢ እናቶች አጋድመው ነው የሚያበሉት» አለ። «ይኼን ያህል ጉዳት አለው?»

አባቴን አየሁት። «ጥሩ አይደለም» አልኩ። «ቀና ቢል ይሻላል።»

ደርቤ ጎንበስ ብሎ ጻፈ። ይሻላል ብሎ። ባልደረቦቼ ቀና ብለው አዩኝ። ይኼ ልጅ ነገ ዳባት ሄዶ ለአንዲት እናት «ቀና ቢል ይሻላል» ሊላት ነው፤ እሷም ሊመቻት ባለ ቀን ቀና ልታደርገው ነው። ይኼን አውቄ የቦርዱን ወረቀት ልገልጥ እጄን ዘረጋሁ።

«ማርያማዊት» አለ አባቴ። «በደንብ ንገሪያቸው እንጂ።»

እጄ ወረቀቱ ላይ ቀረ።

አባቴ ተነሣ። «ይሻላል አይባልም» አለው ለደርቤ። «ይሞታል። የመጀመሪያ ልጄን በዚህ ክንዴ ላይ አጋድሜ አበላሁት። ሲያስለው ጀርባውን እየመታሁ ጨመርኩለት። ወድጄው ነበር፤ ስለዚህ ብዙ አበላሁት። ሞተ። የሚያውቅ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ እሰማ ነበር። እናንተ ንገሩ። ይከፋቸዋል ብላችሁ አትተዉ።»

ተቀመጠ። በአዳራሹ ብዕር የያዘ እጅ ሁሉ ቆመ። እኔ ቦርዱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ከባልደረቦቼ አንዷ መጥታ ትምህርቱን ቀጠለችልኝ።

ከአባቴ ጋር ወጣን። ግቢው ውስጥ «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አልኩት።

«አንቺ ሮጠሽ የጠራሽኝ ቀን» አለ። «ሴትዮዋን ልጣላት ነበር የሄድኩት። ሚስቴን ምን ብለሽ ሰደብሻት አልኳት። ያለችውን ደገመችልኝ። ከዚያ እንዴት እንደምታበላው አሳየኝ አለች። በባዶ ክንዴ አሳየኋት። ፊቷ ሲለዋወጥ ገባኝ። ስለ ዘመነ ነገርኳት። አለቀሰች።»

«ለእማዬስ ለምን አልነገርካትም?»

«አራስ ሆና በእምነት የሰጠችኝን ልጅ ምን ብዬ ልንገራት? ስድብ መስሏት ከወጣች ነገሩን ወደ ዘመነ አልወሰደችውም አልኩ። ደግማ ከሄደች ግን ይገባታል። ስለዚህ እንዳትሄድ አደረግኩ።»

እናቴ ቅዳሜ የነገረችኝን ነገርኩት። ባርኔጣውን ሲያዞር ሲያዞር ቆየና «እንሂድ» አለ።

እናቴ ደጅ ፀሐይ ላይ፣ ጉልበቷን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። አባቴ የቃለ አብን ወንበር ከአጠገቧ አቆመና መሬት ላይ ተቀመጠ። «ውቢት» አላት። «ያቺ የጎንደር ሴትዮ ያኑ ቀን ነግራኛለች። ስለ ዘመነ አውቃለሁ።»

እናቴ መጀመሪያ እኔን አየች። ከዚያ እሱን። «ያኑ ቀን?» አለች። «ያኑ ማታ እጅህን ስትታጠብ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ማንኪያውን ስትቀበይኝ ዳንኩ ነው ያልኩት።»

እኔ ቃለ አብን አየሁት። የሃያ ሁለት ዓመት ሰው ነው። ፊቱ ላይ መደንገጥ አልነበረም። ከሁላችንም ያልደነገጠ እሱ ብቻ ነበር፤ ይኼ አስደነገጠኝ።

«ቃለ አብ፣ ታውቅ ነበር?» አልኩት።

ወደ ላይ አየ። አዎን።

«እማዬ ነግራህ ነው?»

ወደ ላይ።

«አባዬም?»

ወደ ላይ።

እናቴ እያበላችው፣ አባቴ ፀሐይ ሊያሞቀው ይዞት ሲወጣ፣ እያንዳንዳቸው ለሰው የማይነገረውን ለእሱ ነግረውታል። አሥራ ሰባት ዓመት የሁለቱንም ይዞ ተቀምጧል። እኔ የሠራሁለት ሰሌዳ ላይ ራበኝና ጠማኝ አለ። ይኼን የሚናገርበት አንድም ሥዕል የለም፤ ከረሃብና ከጥማት ያለፈ የሚናገረው ይኖረዋል ብዬ አስቤም አላውቅ። ሌሎችን ላሠለጥን የመጣሁት እኔ ነኝ።

ወንበሩ ፊት ተንበረከክኩ። «አዝነሃል?» አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። አይደለም።

«ፈርተሃል?»

ጨፈነ።

«ተቆጥተሃል?»

ዓይኖቹ ወደ ላይ ሄዱ። እዚያው ቆዩ።

አባቴ ከተቀመጠበት በጉልበቱ ተጠጋው። «በእኛ ነው?» አለው።

ቃለ አብ ወደ ላይ አየ። እናቴ እጇን ወደማይፈታው የልጇ ጉልበት ዘረጋችና መለሰችው። ማንም ሊያባብለው አልሞከረም።

«ልክ ነህ» አለው አባቴ።